መድረክ እና ካባ፦ የመናገር ነፃነትና በዳይ ባለሥልጣንን ማክበር የሚለያዩበት ወሰን

መግቢያ

መስከረም 12 ቀን 2003 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሚዘጋጀው የዓለም መሪዎች መድረክ ላይ ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ገና ሳይደረግ ክርክሩ ተጋግሎ ነበር። በውጭ አገር የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ግብዣውን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሌሎች ደግሞ፣ መንግሥታቸውን በብርቱ የሚተቹ ሰዎች ጭምር፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንደማንኛውም ሰው የመናገር መብት አላቸው ሲሉ ተሟገቱ። ሁለቱም ወገኖች በቂ ምክንያት ነበራቸው። ሙግቱን ያወሳሰበው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ ጥያቄ መቅረባቸው ነው። የመጀመሪያው «ይናገሩ ወይ?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ይከበሩ ወይ?» የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ «አዎን» ብሎ መመለስ ለሁለተኛው «አዎን» ብሎ መመለስን አያስከትልም፤ ለሁለተኛው «አይሆንም» ማለትም የመጀመሪያውን መንፈግ አይደለም የሚል ነው። መድረክ መስጠትና ካባ መደረብ የሚለያዩ ድርጊቶች ናቸው። ልዩነቱ በተለይ ዩኒቨርሲቲዎችን ይመለከታል፤ ሁለቱንም በአንድ አዳራሽ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን የሚያደርጉ ተቋማት ናቸውና።

«ክብር» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉሞች

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት ለመያዝና ሐሳቡን በነፃነት ለመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 24 ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ሰብአዊ ክብርና መልካም ስም ይጠብቃል። በአማርኛ «ክብር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። ሰብአዊ ክብር ሰው በመሆን ብቻ የሚገኝ ስለሆነ በዳይም ተበዳይም እኩል ይጋሩታል። በወንጀል የተፈረደበት ሰው እንኳ አይገፈፈውም። ሐውልት፣ የጎዳና ስያሜ፣ የክብር ዶክትሬትና ካባ ግን በሌላኛው ትርጉሙ «ክብር» ናቸው። እነዚህ ማኅበረሰብ ወይም ተቋም መርጦ የሚሰጣቸው የምስክርነት ቃሎች እንጂ ማንም «ይገባኛል» ብሎ የሚከስባቸው መብቶች አይደሉም።

ከዚህ ልዩነት የሚከተለው ቁም ነገር ቀላል ነው። የመናገር መብት የተናጋሪው ንብረት ሲሆን የማክበር ውሳኔ የሰጪው ነው። መንግሥት ወይም ተቋም ተናጋሪን በግፍ ዝም ሲያሰኝ መብት ይጣሳል። ማዕርግ ሲነፍግ ግን የሚጣስ መብት የለም። እንዲሁም ማዕርግ በሰጠ ጊዜ «የሰጠሁት የመናገር ነፃነትን ስለማከብር ነው» ሊል አይችልም፤ ያደረገው ሌላ ሰው እንዲናገር መፍቀድ ሳይሆን ራሱ መናገር ነውና። ተቋም በሰጠው ክብር የሚናገረው ቃል የራሱ ነው፤ ስለዚህ ኃላፊነቱም የራሱ ነው።

የኮሎምቢያ ሁለት መስከረሞች

ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ልዩነት በሁለት መንገድ አሳይቷል። መስከረም 13 ቀን 2000 ዓ.ም. የኢራን ፕሬዚዳንት ማሕሙድ አሕመዲነጃድን በጋበዘ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሊ ቦሊንጀር፣ ራሳቸው የመናገር ነፃነት ሕግ ሊቅ የሆኑት፣ እንግዳውን ያስተዋወቁት በአገራቸው ስለሚፈጸመው እስራትና ግድያ እንዲሁም ስለ ናዚ የአይሁድ ጭፍጨፋ ስለተናገሩት ክህደት በከረረ ትችት ነበር። እንግዳን በቤት እንዲህ መቀበል ነውር ነው ያሉ ጥቂት አልነበሩም። ትችቱ ከልክ ማለፉ ወይም አለማለፉ ሊያከራክር ይችላል። በዚያ ዕለት ግን መድረክ ማግኘትን ከመወደስ ጋር የሚያምታታ ሰው ሊኖር አይችልም ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ በኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጉብኝት ዋዜማ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ዝግጅቱን ለማሳወቅ የወጣው ጽሑፍ የጠቅላይ ሚኒስትሩን አመራርና የድርጅታቸውን ራእይ የሚያወድስ ነበር፤ አገሪቱ ያገኘችውን ዕድገትም በእሳቸው ስም የሚመዘግብ። ተቃውሞ ከተሰማ በኋላ ጽሑፉ ተነሣ። ጊዜው ምን ዓይነት ጊዜ እንደ ነበር ማስታወስ ያሻል። በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት በተነሣው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸው በአጣሪ ኮሚሽን ተረጋግጧል። በ2002ቱ ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ወስደዋል። የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ መሪ የነበሩት የቀድሞዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ንግግሩ በተደረገበት ዕለት በእስር ላይ ነበሩ፤ የተፈቱት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

እንግዲህ ስሕተቱ የት ላይ ነበር? በግብዣው ላይ አልነበረም። የአንድ አገር መሪ በምሁራን ፊት ቆሞ ስለ ፖሊሲው ሲናገር ቢያንስ ሁለት ጥቅም ይገኛል። አድማጩ የሥልጣንን አስተሳሰብ ከምንጩ ይሰማል፤ ተናጋሪውም በአገሩ ከማይጠይቀው ጋዜጠኛ ይልቅ ሊጠይቀው የሚችል ተማሪ ፊት ይቆማል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ልማታዊ መንግሥትና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያራመዱት ሐሳብም በብዙ አገሮች ክርክር የተደረገበት ነው፤ ሊሰማና ሊሞገት ይገባው ነበር። ስሕተቱ ያለው ዩኒቨርሲቲው በራሱ አንደበት በተናገረው ውዳሴ ላይ ነው። ውዳሴው ከተናጋሪው ቢመጣ ኖሮ አድማጭ እንደ ሐሳብ ወስዶ ይመዝነው ነበር። ከአስተናጋጁ ሲመጣ ግን ገና ክርክሩ ሳይጀመር የተሰጠ ፍርድ ይሆናል። በዚያ ፍርድ የተጎዱት ደግሞ በዚያው ሰዓት የመናገር መብታቸውን ተነፍገው በእስር ቤት ያሉት ናቸው።

አለማክበርም ንግግር ነው

ልዩነቱ ሌላ ገጽታም አለው፤ ከክብር መታቀብ ራሱ ሐሳብን መግለጽ ነው። ይህ ከውጭ የመጣ አስተሳሰብ አይደለም። በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም አፅማቸው በክብር እንደሚገኝ ከሚነገርላቸው ነገሥታት አንዱ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በሥነ ጽሑፍና በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር የተዉት አሻራ እጅግ ትልቅ ነው። በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው በማለት ለንጉሥ አንሰግድም አሉ፤ ለእስራት፣ ለግርፋትና ለሞትም ተዳረጉ። ስለ ሃይማኖታዊው ክርክር ፍርድ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ንጉሡን ያስቆጣው ነገር ምን እንደ ነበር ማየት ነው። ከመነኮሳቱ የተፈለገው ዝምታ ብቻ ሳይሆን መስገድ፣ ማለትም ክብር መስጠት ነበር።

ታሪኩ በሁለት ቦታ ተቀምጦ ይገኛል። የንጉሡ ክብር በሐይቁ ደሴት መካነ መቃብር ሲታሰብ የመነኮሳቱ ገድል በብራና ተጽፎ ቆይቶ በፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ትጋት ወደ አማርኛ ተተርጉሟል። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንኳ በገዛ ልጆቻቸው ላይ ያሳረፉትን ቅጣት ሳይሸሽግ ይተርካል። አንድ ተመራማሪ ሁለቱንም ማንበብ መቻሉ የሚያሳየው፣ ጽሑፍ ከጽሑፍ ጋር መከራከር እንደሚችልና ከክርክሩም እውቀት እንደሚገኝ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» በሚባልበት አገር ብራናው ከሳሽ ሆኖ ኖሯል።

መጽሐፍና መቃብር

ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል። መጀመሪያ የዕድሜ ልክ እስራት፣ ኋላም በ2000 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣት ተፈርዶባቸዋል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ «ትግላችን» የተሰኘው መጽሐፋቸው ለንባብ በቅቷል። በቀይ ሽብር ወገኖቻቸውን ያጡ ሰዎች ይህን መጽሐፍ በየአዟሪው እጅ ሲያዩ የሚሰማቸው ሕመም ቀላል እንዳይደለ መገመት አያስቸግርም። ሆኖም መጽሐፉ መታተሙም መሸጡም ተገቢ ነበር። አንባቢ ገዝቶ ሊተወው፣ ሊያነብበውና ሊያስተባብለው ይችላል። የታሪክ ተማሪ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ፣ ከሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት ትዝታዎችና ከሰለባዎች ምስክርነት ጋር ያስተያየዋል። ደራሲው የካዱትን ማንበብም ስለ ተካደው ነገር ያስተምራል። ነገር ግን የመጽሐፉ መታተም የሚያጸድቀው ሌላ ነገር የለም። ነገ አንድ ተቋም ተነሥቶ አዳራሹን በስማቸው ልሰይም ቢል «መጽሐፋቸውስ ይሸጥ የለ?» ማለት መልስ አይሆንም።

ተቃራኒውን ምሳሌ የምናገኘው በኢጣሊያ ነው። ነሐሴ 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ከሮም ብዙ በማትርቀው አፊሌ በተባለች ትንሽ ከተማ ለማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ መታሰቢያ ተመረቀ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው ጭፍጨፋ የኢትዮጵያ መንግሥት እንዳስታወቀው 30,000 ያህል ሰው አልቋል፤ በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የተረሸኑት በግራዚያኒ ትእዛዝ ነው። መታሰቢያው በሕዝብ ቦታ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሲሆን ከተቀረጹበት ቃላት አንዱ «ክብር» የሚል ነው። የከተማዋ ከንቲባ በ2010 ዓ.ም. ፋሺዝምን በማወደስ ወንጀል የስምንት ወር እስራት ተፈርዶባቸው ጉዳዩ በይግባኝና በሰበር ሲመላለስ ቆይቷል። ድርጊቱ በወንጀል ያስጠይቃል ወይ የሚለው ለኢጣሊያ ሕግ ሊቃውንት የሚተው ነው። በወንጀል ባያስጠይቅ እንኳ የመናገር ነፃነት ሊባል አይችልም። አንድ ግለሰብ ግራዚያኒን የሚያደንቅ መጽሐፍ ቢጽፍ ሐሳቡን ገለጸ ይባላል። ከተማ ግን በግብር ከፋዩ ገንዘብ ሐውልት ስታቆም የምትናገረው ባልተስማሙትም ዜጎች ስም ነው።

የሚያሳዝነው፣ መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ይህን መታሰቢያ ለመቃወም በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡ ከ40 በላይ ሰዎች በፖሊስ ተይዘው ታስረዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠው መብት በዚያ ቀን ለግራዚያኒ ክብር አንሰጥም ያሉትን ሰዎች አልጠበቃቸውም። የሁለቱን ድርጊቶች መምታታት ዋጋ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ክብሩ «ነፃነት» ተብሎ ሲታለፍ ተቃውሞው «ጥፋት» ሆነ።

በንግግርና በድንጋይ መካከል ያለውን ልዩነት የጋዜጠኛው ኢንድሮ ሞንታኔሊ ታሪክም ያብራራል። በወረራው በወታደርነት የተካፈለው ሞንታኔሊ ኢጣሊያ በኢትዮጵያ መርዝ ጋዝ መጠቀሟን ለብዙ ዓመታት ሲክድ ኖሯል። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ በሰነድ ሞገተው። በ1996 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር እውነቱን ሲያምን ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ። ክህደት በሰነድ ተመለሰ፤ ንግግር በንግግር ታረመ። በሚላኖ በስሙ የቆመው ሐውልት ግን በወረራው ጊዜ የ12 ዓመት ልጃገረድ በቁባትነት መውሰዱን ለሚያስታውሱ ሰዎች መልስ የሚሰጥ አንደበት የለውም። ተቃዋሚዎቹ ያደረጉት ቀለም መድፋት ነው። ቀለም መድፋትን ማበረታታት አይገባም፤ ነገር ግን ሐውልት እንደ ጽሑፍ ማስተባበያ የሚቀበል አለመሆኑን መረዳት ይገባል።

«ማን በዳይ እንደሆነ ማን ይወስናል?»

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚሰነዘረው ብርቱ ተቃውሞ ይህ ነው፤ ተቃውሞውም ሊናቅ አይገባም። የጎጃሙ አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በዘመኑ መንግሥት ተፈርዶባቸው በስቅላት ተቀጡ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል። የትናንቱ ወንጀለኛ የዛሬ ጀግና ከሆነ የዛሬው ጀግናስ ነገ ምን ሊባል ነው? ሥልጣን በተለወጠ ቁጥር ስም የሚነቀልና የሚተከል ከሆነ ክብርን በዳይነት መመዘኛ መከልከል የአሸናፊዎች መሣሪያ አይሆንም ወይ?

የበላይ ዘለቀ ታሪክ ግን የሚመሰክረው ለልዩነቱ አስፈላጊነት እንጂ ለተቃውሞው አይደለም። የበላይ ስም ከስቅላቱ በኋላ የተረፈው በሕዝብ አንደበት፣ በቀረርቶና በትውስታ፣ ማለትም በንግግር ነው። ሰዎች እንዳይናገሩ ሙሉ በሙሉ ቢከለከሉ ኖሮ ፍርዱን የሚያርም አይኖርም ነበር። እንግዲህ ንግግር ሰፊ፣ ክብር ጠባብ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ንግግር ሰፊ የሚሆነው ስለ ጀግናና ስለ በዳይ ያለን ፍርድ ሊሳሳት ስለሚችል ነው፤ ክብር ጠባብና የዘገየ የሚሆነውም በዚያው ምክንያት ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ክብር ሲሰጠው ደግሞ አደጋው ይጨምራል፤ በሥልጣኑ ዘመን ተበዳዮቹ አይደመጡምና። ከሥልጣን ላይ ላለ ሰው ከሚሰጥ ካባ ይልቅ ማስረጃው ሁሉ ተሰምቶ ለአንድ መምህር የሚሰጥ ካባ የታመነ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ውለታስ አይቆጠርም ወይ?» የሚል ነው። መንገድ የሠራ፣ ግድብ የጀመረ፣ ትምህርት ቤት የከፈተ መሪ ለሠራው ሊመሰገን ይገባል። ምስጋና ግን ሥራን በስሙ መጥራት ነው። የክብር ማዕርግ ሥራውን ከሠሪው ነጥሎ አያመሰግንም፤ ሰውየውን በሙሉ ለትውልድ አርአያ አድርጎ ያቆማል። አርአያነት ደግሞ ሒሳብ አይደለም፤ የተሠራው መንገድ ከታሰረው ሰው ላይ ተቀንሶ ቀሪው አይሰላም።

ዩኒቨርሲቲዎች ምን ያድርጉ?

በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች ከተሞች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ባለሥልጣናትን ይጋብዛሉ፤ በምረቃ ዕለትም ካባ ይደርባሉ። ለሁለቱ ድርጊቶች የተለያየ ደንብ ቢኖራቸው ከላይ የተነሡት ችግሮች በብዙ ይቀንሳሉ።

አንደኛ፣ ለንግግር የሚጋበዝ ማንኛውም ባለሥልጣን ጥያቄ ለመቀበል መስማማት የግብዣው ቅድመ ሁኔታ ይሁን። ጥያቄ የሌለበት ንግግር የሐሳብ ልውውጥ ሳይሆን አዋጅ ነው። ጠያቂውም ተማሪ ነገ በጥያቄው ምክንያት እንደማይጎዳ ተቋሙ ዋስትና ይስጥ። ይህ ዋስትና በሌለበት ስለ ተናጋሪው ነፃነት ብቻ ማውራት የመብቱን ግማሽ መተው ነው።

ሁለተኛ፣ እንግዳን የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ በሹመት፣ በሥራና በዓመተ ምሕረት ይወሰን። ውዳሴም ውግዘትም የአስተናጋጁ ድርሻ አይሁን።

ሦስተኛ፣ የክብር ዶክትሬት በሥልጣን ላይ ላለ ሰው ባይሰጥ ይመረጣል። የሚሰጥም ከሆነ ከአስተዳደሩ ነፃ የሆነ የመምህራን ኮሚቴ ማስረጃ መርምሮ ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቅ።

አራተኛ፣ የተሰጠ ክብር የሚነሣበት ሥርዓት ይኑር። ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በ1984 እ.ኤ.አ. ለሮበርት ሙጋቤ የሰጠውን የክብር ዶክትሬት በ2007 እ.ኤ.አ. መልሶ ወስዷል። ሙጋቤ በዚህ የተነሣ የመናገር መብታቸውን አላጡም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተናግረዋል። ያጡት የኤዲንብራን ምስክርነት ብቻ ነው።

ክብር ሲነሣ ታሪክ ይፋቃል የሚል ስጋት ላለበት ሰው ደግሞ ስድስት ኪሎ ትልቅ ትምህርት አለ። በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ከቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ፋሺስቶች የዘመናቸውን ዓመታት ለመቁጠር የሠሩት ደረጃ ዛሬም ቆሟል። ከጫፉ ላይ ግን አንበሳ ተቀምጦበታል። ደረጃው አልፈረሰም፤ ክብርነቱን አጥቶ ማስረጃ ሆነ። በዚያ የሚያልፍ ተማሪ ወራሪው ስለ ራሱ ምን ይናገር እንደ ነበር ያነብባል፤ ኢትዮጵያውያን የሰጡትን መልስም ከበላዩ ያያል።

ማጠቃለያ

የመናገር ነፃነት የሚፈተነው የሚጠሉት ሰው ሲናገር ነው ይባላል፤ እውነት ነው። የአንድ ተቋም ሕሊና ደግሞ የሚፈተነው ኃያል ሰው ደጁ ላይ ሲቆም ነው። ሁለቱን ፈተናዎች በአንድ ላይ ማለፍ ይቻላል፤ ለኃያሉ ወንበር ስቦ፣ ማጉሊያ ሰጥቶ፣ አድማጭ ሰብስቦ፣ ጥያቄ ጠይቆ፣ ካባውን ግን በሳጥን ማስቀረት ነው። ተናጋሪው መብቱን ሙሉ በሙሉ ይዞ ይወጣል። ተቋሙም ምስክርነቱን ለሚገባው ሰው፣ ምናልባትም በዚያ ቀን አዳራሹ ለመግባት ላልቻለው፣ ጠብቆ ያቆያል።